ለአባባ የመለስኩላቸው ጣት

…ከዚያ አባባ መዶሻቸውን ከፍ አድርገው እንደቆሙ፣ ክንዳቸው እየዛለ፣ «ሥለህ ጨርስ እንጂ ልጄ፣ ምስማሩም ሰለቸው» ሲሉኝ… ሕልሜ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ይቋረጥብኛል።

እታለም፣ ሰላምታ ሳላስቀድም ዘው አልኩብሽ። እንደምን ከረምሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ? የልጆቹ ሳል ለቀቃቸው? የአባባ ዓይንስ? እኔ ደህና ነኝ፤ ድካም ብቻ ነው፣ እሱም ለምዶኛል።

«ዓይናቸው ጨርሶ ሳይጋረድ ምስላቸውን ማየት ይፈልጋሉ፤ እንደ ድሮው አድርገህ ሣልልን» ብለሽ ከላክሽብኝ ወዲህ እንቅልፌ ተቆራርጧል። የድሮውን ታስታውሺዋለሽ። የሠራተኛ ሥዕል የምንሥልበት ክፍል አለቃ «ሠራተኛ ጎዶሎ አይሆንም» ይሉን ነበር፤ ደንቡም እጅ ከፊት ይበልጣል፣ ጣት አምስት ነው። እኔም መጋዝ የወሰደውን የአባባን ሌባ ጣት በቀለም መለስኩላቸው። ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሲያዩት፣ «በሉ ከነገ ጀምሮ ሥራ እሱ ይግባ፣ እኔ ቤቴ ልተኛ» አሉ። ሰፈሩ ሁሉ ሳቀ።

እዚህ የሰው ቤት ግድግዳ እቀባለሁ፤ ነጭ በነጭ ላይ። እሑድ ለራሴ እሥላለሁ። መጀመሪያ እንደለመድኩት አብረውኝ የሚቀቡትን ሣልኩ። ፊታቸው ላይ ስደርስ ሁሉም እንደዚያ ዘመን ሥዕሎች ሩቅ የሚያዩ ሆነው ይወጡብኛል። እዚህ ማንም ሩቅ አያይም፤ የሚያየው ባልዲውን ነው። ስለዚህ ፊቱን ተውኩት። ቀጥሎ ክንዱን። መጨረሻ ላይ የቀረው ድካሙ ብቻ ሆነ።

የአባባም እንዲያው ሆነ። ፊታቸውን እየሠራሁ ፋቅኩት። አሁን ሸራው ግራጫ ነው፤ በላዩ በቢላዋ የተለሰኑ አራት ወፋፍራም ቡናማ መስመሮች፣ ከመጀመሪያው ቀጥሎ ክፍት ቦታ። አከራዬ ብሩሽ የጠረግኩበት ጨርቅ መስሏት ልታጥብልኝ አነሣችው። ስነግራት፣ «ታዲያ አባትህ የት አሉ?» አለችኝ። አባባስ እንዲህ ቢሉ? ልጄ መልኬን ረሳው ቢሉ? ሌላው ሁሉ ይቅር እታለም፣ እኔን የሚያስፈራኝ ይኼ ነው።

የድሮውን ዓይነት ጀምሬም ነበር። እጄ አምስተኛውን ጣት እምቢ አለ።

ሥዕሉ ሲደርስሽ ምንም አታስረጂያቸው። እጃቸውን ይዘሽ ቀለሙ ላይ አስቀምጪላቸው።

ባለቤትሽን እጅግ አድርገሽ ሰላም በይልኝ። የልጆቹን ጉንጭ ሳሚልኝ። ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊዋን፣ መነጽርሽ ግንባርሽ ላይ ነው ብሎሻል በያት። የአባባን ጉልበት ሳሚልኝ።

ከክፍሌ፣ መስኮቱ አጠገብ
ኅዳር ፱ ቀን

ወደ እናንተ የሚመጣው፣ ሥዕሉንና ደብዳቤውን የሚያደርስልኝ መንገደኛ አሁን ደረሰ። ሥዕሉ ገና እርጥብ ነው ስለው «መንገድ ያደርቀዋል» አለኝ። አገላብጦ አየውና ላዩ የቱ እንደሆነ ጠየቀኝ። አሳየሁት። ብብቱ ሥር ሸጉጦት ወረደ። ይኼ ደብዳቤ ግን ጠረጴዛዬ ላይ ቀርቷል። ልጠራው ብድግ አልኩ። የታችኛው በር ተዘጋ።