ድምፅህ በአጭር ሞገድ መጣ

ይድረስ ለምወድህና ለምሳሳልህ ወንድሜ ለሃምሳ አለቃ እንደሻው፣ ኮንጎ።

ከሐረር ከፈላና በር የናፍቆት ሰላምታዬ ባለህበት ይድረስህ። ለመሆኑ እንደምን አለህ? የቆሰለው ጣትህ ዳነልህ? የዚያ አገር ወባስ አልደፈረህም? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ካንተ ናፍቆት በቀር የጎደለብን የለም።

ወንድም ጋሼ፣ ጣትህ ቆስሎ በጓደኛህ እጅ ያስጻፍኸው ደብዳቤ ጉድ አፍልቶብን ነበር። እማዬ ፊደል ባትቆጥርም ጽሕፈትህን በመልኩ ታውቀዋለች። ወረቀቱን ገልበጥ አድርጋ አየችና «ይሄ የልጄ እጅ አይደለም፤ ሞቶ ደብቃችሁኝ ነው» ብላ ጥቁር ለበሰች። ሁለት ወር ሙሉ ብለምናት፣ ብቆጣት፣ የንስሐ አባቷን ባመጣባት ወይ ፍንክች! በራስህ ድምፅ ተቀድቶ የተላከው ሰላምታ እሑድ አመሻሽ ከአዲስ አበባ ሬዲዮ እንደሚተላለፍ አሁንም በጓደኛህ እጅ ስታስጽፍልን፣ ተገላገልን ብዬ ነበር።

ሬዲዮ ያላቸው ፈረስ መጋላ ገበያ ላይ ጨርቅ የሚሸጡት ጎረቤታችን አቶ ሳኒ ናቸው። መርፌው ከቁርኣን ንባቡ ጣቢያ ንቅንቅ እንዳይል ባለቤታቸው ዘይነባ ማዞሪያውን በክር አስራዋለች። ላንተ ስትል ፈታችው።

እማዬን ጎትቼ ወሰድኋት። አቶ ሳኒ ደግሞ ማስረዳት ይወዱ የለ! መካከለኛው ሞገድ መሬት ለመሬት ስለሚሄድ ለቅርብ አገር እንጂ ከአዲስ አበባ ሐረር ሳይደርስ ይደክማል አሉ። አጭሩ ሞገድ ግን ሽቅብ ወጥቶ፣ ከላይ እንደ ኳስ ነጥሮ ሩቅ አገር ይወርዳል። «ወላሂ እማማ፣ የልጅዎ ድምፅ ዛሬ ከሰማይ ነው የሚወርድልዎ» ብለው ደመደሙ።

እማዬ «አላልኋችሁም? ከሰማይ ከሆነማ ነፍሱ ናት» ብላ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች።

ድምፅህ መጣ፤ ይርቃል፣ ይቀርባል። «እናቴ ሆይ፣ ደህና ነኝ» ስትል እኔ በደስታ አለቀስሁ፤ እሷ «ነፍስህን ይማር» እያለች ደረቷን ትመታለች። አቶ ሳኒ «ኧረ እማማ፣ ሞገዱን ነው ያልሁት!» ይላሉ። ያኔ በሰላምታህ መሐል ሳልህ። ያ ብርድ ሲመታህ የሚይዝህ፣ ደረትህን የሚያንኳኳው ሳል! የእማዬ እጅ አየር ላይ ቆመ። ቀስ ብላ «በሰማይ ቤት ጉንፋን የለም» አለች። ከዚያ ብድግ ብላ «አንገትህን ሸፍን አላልሁህም!» ብላ ሬዲዮኑ ላይ ጮኸችበት። ዘይነባ እልልታዋን አቀለጠችው።

ጥቁሩን እዚያው አወለቀች። ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ቋጥራ «ላኪለት» ብላኛለች፤ ኮንጎ ድረስ በምን እንደምልክ እኔ እንጃ።

አቶ ሳኒ «አሰላሙ አለይኩም፣ አልሐምዱሊላህ» ይሉሃል። ዘይነባ ክሩን መልሳ አስራለች፤ እሷም ሰላም ትልሃለች። እማዬ ጉንጭህን አገላብጣ ስማሃለች። እኔም በመታመምህ ይህን ያህል ደስ ስላለኝ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

እህትህ ጽጌ
ሐረር፣ ጥር ፲፬ ቀን ፲፱፻፶፬ ዓ.ም.