ያልታጨደው የቦይ ዳር

ጁን 11
ፀሐዩ አናት ይበሳል። ቃሪያው ጠውልጓል። የውሃ ተራዬ ቅዳሜ ነው። በኔ በኩል ያለው የቦይ ዳር ግን ሣሩ ደረቴ ደርሷል። ማጨድ ነበረብኝ... ነገ።

እህቴ ኒካኖራ በመስኮት አየችኝ። «በዓይንህ ልታጭደው ነው?» አለች። እሷን በአፍ ማን አሸንፎ ያውቃል?

ጁን 12
የቦዩን ተራ የሚያከፋፍለው የውሃ አባታችን ኦኔሲሞ መጣ። አበልጄ ነው፤ ሴት ልጁን ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ። ምን ይጠቅማል! የሱ የቦይ ዳር እንደ ተላጨ ጭንቅላት ነው፤ አንዲት ሰበዝ አይገኝበትም።

«አበልጄ፣ እስከ ቅዳሜ ካላጨድክ ውሃ የለም። ዳሩን ያላጸዳ አያጠጣም፤ የአባቶቻችን ደንብ ነው።»
«ወገቤን አሞኝ እኮ ነው...»
«ዳንስ ላይ ለምን አያምህም?»
እውነቱን ነው። ዳንስ ላይ አያመኝም።

ጁን 13
አንዲት ልጅ ሣሬ ውስጥ በእንብርክክ ስትሄድ አገኘኋት! ሮሳልባ ትባላለች፣ የዱር እንስሳት ልታጠና ከዩኒቨርሲቲ ነው የመጣችው። ኒካኖራ ናት የፈቀደችላት፤ እኔን ማን ይጠይቀኛል?

ወጥመዷን ከፍታ አሳየችኝ። ጎኑ ቢጫ፣ ሆዱ ነጭ፣ ጅራቱ ከገላው የሚረዝም፣ የኋላ እግሩ የፌንጣ። አይጥ ነው?
«ዘላይ አይጥ እንለዋለን እንጂ ከቤት አይጥ ወገን አይደለም፣ ጋሼ። የሥጋ ዘመዶቹ በረሃ ውስጥ የሚዘሉት ናቸው።»

ዘመዶቹ በረሃ፣ እሱ ግን ውሃ ዳር ረጅም እርጥብ ሣር ካላገኘ አይኖርም። የሚገኘውም በኛ ግዛትና በሁለት ጎረቤት ግዛቶች ብቻ ነው አለች። በዚህ ሸለቆስ? እኔ ዳር ላይ ብቻ! ሌላው ሁሉ ታጭዷላ። በዓመት ከስምንት ወር በላይ ይተኛል። ወንድሜን አገኘሁ!

«ካጨዱት ግን አለቀለት፣ ጋሼ» አለች። ሳቄ ቆመ።

ጁን 14
ፖስታ ቤት በር ላይ ለኦኔሲሞ ነገርኩት። ሳቀ፣ ሳቀ፣ እንባውን በባርኔጣው ጠረገ።
«ለስንፍናህ ደግሞ አይጥ ወለድክለት?»
የነበረው ሰው ሁሉ አወካ። ተናደድኩ። የብርዱ ወራት ምግባችን ቃሪያውና ቦሎቄው ነው፤ ነገ ውሃ ካላገኘ ይደርቃል። ባጭድ ደግሞ ያቺ ነፍስ... ሳላጭድ ስቀር ይሄ የመጀመሪያዬ አይደለም። አውቄ ስቀር ግን የመጀመሪያዬ ነው። እንቅልፍ እንኳ እምቢ አለኝ። እኔን!

ጁን 15፣ ቅዳሜ
ኦኔሲሞ ማጭዱን ይዞ መጣ። «አንተ ካላጨድክ እኔ አጭደዋለሁ!» ባርኔጣውን አውልቆ መሬት ላይ አስቀመጠ። ከፊቱ ቆምኩ፤ ገፋ አድርጎኝ አለፈ። ገና አንድ እፍኝ ሳያጭድ... ዘለለች! ጫማውን ተሻግራ ባርኔጣው ውስጥ ዱብ።

ተንበረከከ። ባርኔጣው ውስጥ አጎንብሶ አየ።
«ልጅ ሆኜ በአባቴ የቦይ ዳር እነዚህ ነበሩ፣ አበልጄ» አለ ቀስ ብሎ። «እንዲህ ይዘሉ ነበር። የት ሄዱ እያልኩ...»
ዞር ብሎ የራሱን የተላጨ ዳር አየ። አሳዘነኝ።

ሣሩ ውስጥ መልሶ ለቀቃትና የውሃዬን በር ከፈተ። ደስ ብሎኝ ላቅፈው ስል ጣቱን ቀሰረብኝ። «ደንብ ግን ደንብ ነው! በማጨዱ ፈንታ የቦዩን ደለል ትጠርጋለህ። ሁሉንም።»

ጁን 16
ወገቤ። አሁን እንኳ የምሬን ነው።

ሴፕቴምበር 22
ቃሪያውን ለቅመን ጠበስን። ኒካኖራ «ሰው መሰልክ» አለችኝ፤ ከሷ ይሄ ሙገሳ ነው። ዘላይዋ ተኝታለች አሉ። ወፍራ፣ ተጠቅልላ። እኔ ግን አካፋ ይዤ ቦይ ለቦይ።

ደለሉን እየጠረግኩ የኦኔሲሞ ዳር ደረስኩ፤ እሱም እዚያው ቆሟል። ቀና ስል ሣሩ ጉልበቴን አልፏል! መንደሩ የውሃ አባቱ ሰነፈ ብሎ የሚያሾፈው ለካ እውነቱን ነው።

«አበልጄ፣ ምነው ሳታጭድ?»
ወደኔ አላየም።
«ወገቤን አሞኝ ነው» አለ።