በፌስታል የተቋጠረ ትንፋሽ

ጥቅምት 9/97፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ባቄላው ትናንት ስለተዘፈዘፈ ዛሬ ስንጥር በደንብ ገባለት። አተሩ ግን ተሰነጣጠቀ። ለአተር ግማሽ ቀን ይበቃዋል። እንዳልረሳው ያዝልኝ፣ ደብተሬ።

7ኛ ለ። ባቄላ ኦክስጅን፣ አተር ሃይድሮጅን፣ ሽምብራ ካርቦን። ስንጥሩ እጅ ነው አልኳቸው። ኦክስጅን ሁለት እጅ አለው፣ ሃይድሮጅን አንድ፣ ካርቦን አራት። ማንም እጁ ባዶ እንዳይቀር ተያያዙ። ውሃን ወዲያው ሠሩት። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ላይ ተጣሉ። ጥሩ ጠብ ነው፣ አልገላገልኳቸውም። አንድ ቡድን ሁለት ባቄላ ብቻ አያይዞ ውህድ ነው ብሎ አመጣ። ኑሪያ ከመስኮቱ ረድፍ ሆና እህሉ አንድ ዓይነት ከሆነ ምኑ ተዋሃደ አለች። ከኔ ማብራሪያ አጠረ፣ ተሻለም።

ከዚያ ሃይድሮጅኑን በሉት። ዳዊት እያላመጠ፣ "ቲቸር፣ ውሃው ደረቀ።" የመስኮቱ ረድፍ ጾመኛ ነው፣ ረመዳን ከገባ አምስተኛ ቀኑ። የእነሱ ውህድ ብቻ ሳይነካ ተረፈ። ኑሪያ የራሷን በወረቀት ጠቅልላ ለማፍጠሪያ ይዛው ሄደች።

ከወልቂጤ መልስ የለም። አቤቱታዬ አምስተኛ ወሩን ያዘ። እዚያ ሁለተኛ ደረጃ ሳስተምር የአንድ ባለሥልጣን ልጅ ፈተና ወደቀ፣ ውጤቱን አስተካክይ ተባልኩ፣ እምቢ አልኩ። ግምገማ ተቀመጡብኝ። "የመተባበር ችግር" ብለው ጻፉና ቡታጅራ 7ኛ ክፍል ጣሉኝ። በማዕረግ ተመርቄ። ልጁ አልፏል ሲሉ ሰማሁ።

ጥቅምት 12፣ ዓርብ፣ 9 ሰዓት

ገበያ ወጣሁ። ለግድግዳ የሚሆነውን ኖራ ገዛሁ። ሻጩ ቤት ልታስቀቢ ነው ወይ አለ። ልጠጣው ነው አልኩት። አልሳቀም።

ከዚያ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት። ጋሽ ሽኩር በር ላይ ተቀምጠዋል፣ ከኋላቸው የቤተ ሙከራ ዕቃ ሳጥኖች። ሳጥኖቹ ከመጡ ሦስት ዓመት ሆናቸው፣ አንዱም አልተከፈተም። ስድስት የሙከራ ቱቦ ብቻ ብዬ ለመንኳቸው።

"ልጄ፣ ብርጭቆ ሲሰበር የሚጠየቀው ብርጭቆው አይደለም። እኔ ነኝ።"

ሁሉንም በስምሽ ፈርመሽ ተረከቢ፣ ቁልፉን ልስጥሽ አሉ። ወጥመዱን አውቀዋለሁ። የፈረመ ሰው ዕቃውን አንድ በአንድ ሳያስረክብ ክሊራንስ አያገኝም፣ ያለ ክሊራንስ ደግሞ ከዚህ ት/ቤት መውጣት የለም። ከኔ በፊት የነበረው መምህር በአንድ ቴርሞሜትር ምክንያት ግማሽ ዓመት ተጉላልቷል። እኔ ወልቂጤ ተመላሽ ነኝ። በዚህ ከተማ በስሜ የሚመዘገብ ነገር አይኖርም።

በማርማላታ ብርጭቆ እንሠራለን።

ጥቅምት 15፣ ሰኞ፣ 7 ሰዓት

ተበላሸ። እኔ አበላሸሁት።

ኖራውን በውሃ በጥብጬ አሳድሬ፣ በጨርቅ አጥልዬ፣ ጥርት ያለ ውሃ ይዤ ገባሁ። በእስክሪብቶ ቀፎ ትንፋሽ ሲነፉበት ነጭ ይሆናል። ከትንፋሻቸው የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከኖራው ጋር ተዋህዶ። ቃሉን ነግሬያቸዋለሁ፣ በዓይናቸው እንዲያዩት ነበር የፈለግሁት። ወደ ውስጥ እንዳይስቡ አጥብቄ አስጠነቀቅሁ። የመስኮቱ ረድፍ ግን ቀፎውን አልነካም አለ። ውሃው አፍ ቢገባስ?

ዳዊት ጾም ትንፋሽም ይቆጥራል ወይ አለ።

ኑሪያ፣ "አንተ ሃይድሮጅን የምትበላ፣ ዝም በል።"

ክፍሉ ፈረሰ። ሰዓቱ አለቀብኝ፣ ተናደድኩ። የጾማችሁ ቁጭ ብላችሁ እዩ አልኩ። ግማሽ ክፍል። አዩ። ማየትማ ከሰሌዳውም ያያሉ። እኔን ወልቂጤ ላይ ከዳር ያስቀመጡኝ ሰዎች የተናገሩት በዚሁ ድምፅ ነው። እነሱ ደብዳቤ ጽፈው ነበር፣ እኔ ደብዳቤ እንኳ አላስፈለገኝም።

ጥቅምት 16፣ ማክሰኞ፣ 6 ሰዓት

ኑሪያ ከደወሉ በፊት በር ላይ ጠበቀችኝ። ፌስታል ይዛለች። አባቷ ሽንኩርት ነጋዴ ናቸው፣ ማታ ጠይቃቸዋለች። መንፋት አያስፈጥርም፣ ውሃ መዋጥ ነው የሚያስፈጥረው ብለዋት። እሷ ግን ከውሃው ጋር አፌን ምን አገናኘው አለች።

ፌስታሉን በትንፋሿ ሞላች። የእስክሪብቶ ቀፎ በፌስታሉ አፍ ከታ በላስቲክ አሰረች። ቀፎውን የኖራው ውሃ ውስጥ ነክራ ቀስ አድርጋ ጨመቀች። ነጣ። እንደ አጓት።

ዳዊት አላመነም። ፌስታሉ የሽንኩርት ነው፣ ያነጣው ሽንኩርቱ ቢሆንስ አለ። እኔ አፌን ልከፍት ስል ኑሪያ ቀደመችኝ። ሌላ የሽንኩርት ፌስታል አወጣች፣ በአየር ላይ አውለብልባ ሞላችው፣ አሰረችው፣ ጨመቀችው። አልነጣም።

ዳዊት ሁለቱን ብርጭቆ ጎን ለጎን አይቶ፣ "እሺ። ትንፋሽ ነው።"

ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ተምሬያለሁ። የሙከራ ሪፖርት ካለፈው ዓመት ተማሪ ነበር የምንገለብጠው። ይህን ማንም አላሠራኝም። እነሱን ደግሞ ማንም አላዘዛቸውም።

ጥቅምት 25፣ ሐሙስ፣ 11 ሰዓት

ጎብኚዎች ነበሩ። ር/መምህሩ ትናንት ሳጥኖቹን አስከፈቱ፣ ቱቦዎቹ ጠረጴዛ ላይ ተደረደሩ፣ ተማሪ እንዳይነካ ተባለ። እኔ ሰሌዳ ላይ እንዳስረዳ። አስረዳሁ። አንዱ እንግዳ ኑሪያን በዚህ ምን ትሠሩበታላችሁ ብሎ ጠየቃት። እንጃ፣ ያየነው ዛሬ ነው፣ እኛ በፌስታል ነው የምንሠራው አለች።

አስጠንተሻት ነው ብለው ር/መምህሩ ቢሮ ጠሩኝ። አላስጠናኋትም። ባስጠናትም ከዚህ የተሻለ አትመልስም ነበር። ይህንንም ነገርኳቸው።

ሳጥኖቹ ተመልሰው ተቆለፉ።

ጥቅምት 29፣ ሰኞ፣ 5 ሰዓት

መጣ። ደብዳቤው መጣ። ወልቂጤ፣ የድሮ ቦታዬ። የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት ገብቷል የሚባልበት ክፍል፣ የእናቴ ቤት በእግር የሚደረስበት።

ሁለተኛ አነበብኩት። "ባቀረቡት የዝውውር ጥያቄ መሠረት።" እኔ ዝውውር አልጠየቅሁም። የተባረርኩበት ይመርመር ነው ያልኩት። ይህን ፈርሜ ከተቀበልኩ ማንም አልበደለኝም፣ በራሴ መጥቼ በራሴ ተመለስኩ ማለት ነው። ክሊራንስ ይዤ በአሥር ቀን እንድደርስ ይላል። ር/መምህሩ ሳልጠይቅ የክሊራንሱን ቅጽ አስሞልተው ጠበቁኝ። የቀረው የጋሽ ሽኩር ፊርማ ብቻ ነው።

ኅዳር 2፣ ሐሙስ፣ 8 ሰዓት

ሁለት ቀን እናቴን አሰብኩ። ሂጂ እንደምትል አውቃለሁ።

ጠዋት ለወልቂጤ መልስ ጻፍኩ። ዝውውር አልጠየቅሁም፣ አቤቱታዬ እንዳለ ነው፣ መልሱን እጠብቃለሁ። ግልባጩ እዚሁ ደብተር ገጾች መሃል አለ።

ከዚያ ጋሽ ሽኩር ዘንድ። ቅጹን ይዤ የመጣሁ መስሏቸው እስክሪብቶ አነሡ። በስምሽ ምንም የለም፣ ልፈርምልሽ፣ በሰላም ግቢ አሉ። ቁልፉን ይስጡኝ አልኳቸው።

እስክሪብቶውን መልሰው አስቀመጡ። "ዝውውርሽስ?"

"ልረከብ ነው የመጣሁት።"

ሳጥን በሳጥን ቆጠርን። ሦስተኛው ላይ አንድ ቱቦ ተሰብሮ ተገኘ። ጋሽ ሽኩር ሙሉ ብለን እንለፈው፣ ማን ያያል አሉ። ከሳጥን ሲወጣ ተሰብሮ የተገኘ ብለው ይጻፉ አልኩ። ጻፉ። ከሥሩ ፈረምኩ፣ በሙሉ ስሜ።

ነገ 3ኛ ክ/ጊዜ 7ኛ ለ። መጀመሪያ ቱቦ አያያዝና አጠባ። ፌስታሉንም ይዛችሁ ኑ ብያለሁ።

ኖራው ዛሬ መበጥበጥ አለበት፣ ውሃ ላስሞላ።