እናትሽ በጭስ የመጣች ዕለት

ያማጋታ፣ ነሐሴ 10 ቀን

ለልጄ ለካናኤ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ አልታዘዝ ብሏል። እዚህ ሙቀቱ ለጉድ ነው። አንቺ ያለሽበት ፔሩ ግን አሁን ብርድ ነው አሉ በቴሌቪዥን። ሰባት ዓመት ሙሉ አንዲት መስመር ሳልጽፍልሽ ኖሬ ዛሬ ስለ አየር ሳወራሽ ትስቂብኝ ይሆናል፤ ሳቂ። ደብዳቤውን ግን ሳትቀጂ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ፤ የምለምንሽ ነገር አለ።

ከትናንት ወዲያ ወንድምሽ ሹሄይ ከነሚስቱ መጣ። ወደ ባሕሩ ለሽርሽር ሲሄዱ አንድ ቀን ከእኔ ጋር ውለው ሊያድሩ ነው። ሚስቱ ቺናትሱ የከተማ ልጅ ናት፤ ጨዋነቷ ልክ የለውም። በጨርቅ የተጠቀለለ ሣጥን በሁለት እጇ አቀረበችልኝ። ሙታን ወደየቤታቸው የሚመለሱበት ሰሞን ነው፣ እናትሽም ገብታለች፤ በኛ ቤት ደግሞ ስጦታ መጀመሪያ ለማን እንደሚቀርብ ታውቂያለሽ። ሳልፈታው ወስጄ ከፎቶዋ ፊት፣ ከውኃ ብርጭቆዋ አጠገብ አስቀመጥኩት።

"አባባ፣ እሱ እንኳ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ቢሆን..." አለች ቺናትሱ።

"ቶሚኤ ሙቀት አትፈራም" አልኳት።

ከዚያ በኋላ የልጅቷ ነገር ግራ ገባኝ። ምሳ ላይ "ቤቱ አልሞቀም?" አለች፤ ማራገቢያውን ወደ እሷ አዞርኩላት። ሐብሐብ ስቆርጥ "እማማ ቀዝቃዛ ነገር ይወዱ ነበር?" አለች፤ ሐብሐብ ጨመርኩላት። የእናትሽን መቃብር ልናጥብ ስንወጣ "ቶሎ እንመለስ ይሆን?" አለች፤ ሽንቷ መጥቶ ይሆናል ብዬ የጎረቤት ሽንት ቤት አሳየኋት። ለካ ከሟች አማቷ ፊት "ስጦታውን አንሱ" ማለት ነውር ሆኖባት ነው። ሹሄይ ነገሩን ያውቃል፤ ዝም ብሎ ይስቃል።

ከሰዓት በኋላ እነሱ በረንዳ ላይ ጋደም ሲሉ እኔ እናትሽን ላነጋግራት ተንበረከክሁ። ጎንበስ ስል ክርኔ ብርጭቆውን ገፋውና ውኃው ሣጥኑ ላይ ተደፋ። ወዲያው ነጭ ጭስ ቡልቅ አለ። ፎቶዋን ሸፈነና መሬት ለመሬት እየተሳበ ወደ ጉልበቴ መጣ። ደግሞ ይቀዘቅዛል። ሣጥኑ ውስጥ አይስክሬም መኖሩን፣ በመንገድ እንዳይቀልጥ ብለው ያንን ውኃ ሲነካው የሚጨስ በረዶ እንዳበዙበት በምን ልወቅ? መጣችብኝ አልኩ።

"ቶሚኤ፣ አትቆጪ" ብዬ በግንባሬ ተደፋሁ። "አውቃለሁ፣ ዋሽቼሻለሁ። ታመሽ ተኝተሽ ለካናኤ ጻፍላት እያልሽ ስትለምኚኝ፣ ጽፌያለሁ ያልኩሽ ውሸት ነው። መልሷ መጣ ብዬ ያነበብኩልሽም ውሸት ነው። ወረቀቱ የማዳበሪያ ማስታወቂያ ነበር።"

ዞር ስል ሁለቱም በሩ ላይ ቆመዋል።

"አባባ፣ አይስክሬም ነው" አለች ቺናትሱ በቀጭን ድምፅ።

ሹሄይ ግን አሁን አልሳቀም። "አባዬ፣ እናቴ እኮ ታውቅ ነበር" አለኝ። "ስታነብላት የወረቀቱ ጀርባ ወደ እሷ ነበር። ትልቅ የጥቅል ጎመን ሥዕል አለበት። 'አባትህ ጎመን ያነብልኛል' እያለች ትስቅ ነበር።"

"ታዲያ ለምን ድገምልኝ ትለኝ ነበር?"

"ደስ ይላታላ።"

የቀለጠውን አይስክሬም በሾርባ ሳህን ቀድተን ሦስታችንም ጠጣነው። ለእናትሽም አንድ ሳህን አቀረብንላት።

ካናኤ፣ በቀብሯ ቀን ከበሩ ውጭ ቆመሽ አይቼሻለሁ። እያየሁሽ ያላየሁ መስዬ አለፍኩ። ከሠራሁት ሁሉ እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ነው። ያኔ ስታገቢው ስለ ባልሽ ያልኩትንም አንሥቻለሁ፤ ምግብ አብሳይ መሆኑ ምኑ ያሳፍራል? እኔ ራሴ ሩዝ ማሳረር እንጂ መቀቀል አልችልም።

በዚያ በፈጠርኩት መልስሽ ውስጥ ሴት ልጅ ወልደሻል። ዓይኗ ቁርጥ የእናትሽ ነው። እናትሽ ድገምልኝ ባለች ቁጥር አንድ አንድ ጥርስ እያበቀልኩላት፣ ወደ መጨረሻው ሳምንት በእግሯ አስኬድኳት። ልጅ ይኑርሽ አይኑርሽ ግን አላውቅም። ስምሽ በዚህ ቤት እንዳይነሣ የከለከልኩት እኔው ነኝ። ትናንት ሹሄይን ብጠይቀው "ራስህ ጠይቃት" ብሎኝ መኪናው ውስጥ ገባ። እሺ፣ ይኸው ጠየቅሁሽ።

ጤና ይብዛልሽ፣ ቤትሽም ሙሉ ይሁን። ልምጣ ካልሽ በሩ ክፍት ነው፤ ባልሽንም ይዘሽው ነይ። መምጣቱ ከከበደሽ ጻፊልኝ። ስድብም ቢሆን ጻፊው። ከእናትሽ ፎቶ ፊት ቁጭ ብዬ አንድ ቃል ሳልጨምር አነብላታለሁ።

አባትሽ
ጌንጂሮ