በሩ አይዘጋም

ይድረስ ለልጄ፤

ጤናሽ እንዴት ነው ብዬ ልጀምር አስቤ ነበር፤ ተውኩት። ብጠይቅሽ «ደህና ነኝ አባዬ» ትይኛለሽ። ደህና መሆንሽን ግን ያየልሽ ሰው የለም፤ የተናደድኩትም በዚሁ ነው። እኔ ጤነኛ ነኝ። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ይንቋቋል እንጂ ሌላው ይሠራል። ልጅሽን ሳሚልኝ። ባልሽንም ሰላም በይልኝ፤ በኋላ እመጣበታለሁ።

ይህን የሚጽፍልኝ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ነው። እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይጽፋል። ማሳመር የለም ብዬዋለሁ። በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ሞክሬያለሁ። «ምርመራ» የምትለዋ ቃል ከአፌ ስትወጣ አንቺ ዘንድ ኔትወርክ ይጠፋል። ስለ ዝናብ ሳወራማ ኔትወርኩ ምን የመሰለ ነው! ደብዳቤ ግን ጆሮ ላይ አይዘጋም። ብትቀጂው ሌላ አስጽፋለሁ፤ ልብስ ሰፊው እንደሆነ ሥራ የለውም። አለኝ እያለ ነው፤ አትስሚው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ወር ከጤና ጣቢያው አንዲት ነርስ የአናጢነት ሥራ ቤቴ ድረስ መጣች። አዲስ ናት፤ አጠር ያለች፣ ስትናገር የምትቸኩል። «ጋሼ፣ የማህፀን በር የምንመረምርበት ክፍል በሩ አይዘጋም» አለችኝ። «የትኛው በር?» አልኳት። «የክፍሉ» አለች። «እሱስ ገባኝ፤ የምትመረምሩት በር የትኛው ነው? የእንጨት ነው የብረት?» አልኳት። ሴትዮዋ የሥራ ጠረጴዛዬን ይዛ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ስድሳ ዓመት ሙሉ በር ስሠራ ስኖር ማህፀን በር እንዳለው የነገረኝ የለም!

«አትሳቂ፣ አስረጂኝ» አልኳት። እርሳሴን ከጆሮዬ ላይ መዛ ወስዳ የተላገ ሳንቃ ላይ ሣለችልኝ። የተገለበጠ ቅል ይመስላል። ሰፋ ያለው ልጅ የሚያድግበት ነው፤ ወደ ታች የወረደችው ጠባብ አንገት ደግሞ በሩ ናት። በር ካሉኝ ይገባኛል።

እዚህ ላይ ልብስ ሰፊው ብዕሩን አስቀመጠ። «ጋሼ፣ ይህ ለሴት ልጅ ይጻፋል? 'የሴቶች ጉዳይ' ብለን ብናልፈውስ?» አለኝ። ዕድሜ ልኩን የሴት ወገብና ደረት ሲለካ የኖረ ሰውዬ ማህፀን የሚለው ቃል አሳፈረው! ጻፍ አልኩት። ጻፈ። ጆሮው ቀልቷል።

የነገረችኝን እነግርሻለሁ፤ ሁለት ጊዜ አስደግሜ ነው የያዝኩት። የማህፀን በር ካንሰር የሚባለውን በሽታ የሚያመጣው ቫይረስ ነው። ወንድና ሴት ሲገናኙ ይተላለፋል። አብዛኛው ሰው በዕድሜው ያገኘዋል፤ የአብዛኛውም ሰውነት ሳያስታውቅ ያጠፋዋል። አንዳንዷ ሴት ላይ ግን አልወጣም ብሎ ይቀመጣል። አሥር ዓመት፣ አሥራ አምስት ዓመት፣ ከዚያም በላይ። ተቀምጦ የበሩን ቆዳ ቀስ እያለ ይለውጠዋል። አያምም። ምስጥ የገባበት መቃን ልጅ ሆነሽ አሳይቼሻለሁ፤ ቀለሙ ያብረቀርቃል፣ በጣትሽ ስትጫኚው ነው ጉዱ የሚወጣው። ያለ ጊዜው ደም መጣ፣ ሽታ መጣ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ብዙ ርቆ ሄዷል። አንቺ ደግሞ «ምንም አላመመኝም» ብለሽ ትከራከሪኛለሽ። ሳያምሽ ነው እኮ የሚኬደው! ስንቴ ልናገር?

ምርመራውስ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? አቼቶ ነው። አዎ፣ ሰላጣ ላይ የሚደረገው ዓይነት፣ ቀጠን ያለ። በሩን በጥጥ ይቀቡትና ትንሽ ይጠብቃሉ፤ የተለወጠ ቦታ ካለ ይነጣል። አለቀ። እኔ አንድ ማጠፊያ ከማስርበት ጊዜ ያንሳል። ነጭ ታየ ማለት ካንሰር ሆነ ማለት አይደለም። ወደዚያ እንዳይሄድ በቅዝቃዜ ወይም በሙቀት ያክሙታል፣ ሴትዮዋም በእግሯ ቤቷ ትገባለች። ቫይረሱን ራሱን የሚፈልግ ሌላ ምርመራም አለ አለችኝ፤ እናንተ ዘንድ የትኛው እንዳለ ጠይቂ። ከሠላሳ ዓመት ያለፈች ሴት ሁሉ መታየት አለባት። አንቺ አርባ አንድ ነሽ። ለሰው ሠላሳ ስምንት እንደምትይ አውቃለሁ፤ በሱም ቢሆን አልፈሻል።

ለመሆኑ ሥራሽ ምንድን ነው? ሸሚዝ ፋብሪካ ጥራት ተቆጣጣሪ ነሽ። የተቀደደውን ሸሚዝ ነው እንዴ የምትመረምሪው? ደህና የሚመስለውን አይደለም ወይ ገልብጠሽ ስፌቱን የምታይው? ለሰው ሸሚዝ የማይከብድሽ ለራስሽ ሲሆን ከበደሽ። ልብስ ሰፊው ራሱን እየነቀነቀ ነው፤ በዚህስ ተስማምተናል።

ባልሽን በተመለከተ፣ «ተመረመርኩ ብዬ ብነግረው ይጠረጥረኛል» ብለሽ ለአክስትሽ እንደነገርሻት ሰምቻለሁ። ቫይረሱ ቢገኝ እንኳ መቼ እንደገባ፣ ከማን እንደመጣ ማንም አያውቅም፤ ከእሱም ሊሆን ይችላል። ካጉረመረመ ወደ እኔ ላኪው፤ መጋዝ አስይዤ ላቡን ሳወጣው ይገባዋል።

ልጅሽም በስልክ ነግራኛለች። የዚሁ ቫይረስ መከላከያ ክትባት የሚፈረምበት ወረቀት ከትምህርት ቤት አምጥታልሽ «እናስብበታለን» ብለሻት ሁለት ሳምንት ሆነው። ምኑን ነው የምታስቢው? ክትባቱ ቫይረሱ ሳይቀድም በልጅነት የሚወሰድ ነው። አንቺ እኮ መጻፍ ትችያለሽ! ፈርሚ።

የጤና ጣቢያውን በር ላየው ሄድኩ። የታችኛው ማጠፊያ ተነቅሏል፣ መቃኑ ውሃ ጠጥቶ አብጧል፣ መቀርቀሪያው ከቀዳዳው ሁለት ጣት ርቋል። ነርሷ ወንበር አስደግፋ ነው የምትሠራው። ፊት ለፊቱ ወረፋ ጠባቂው ሁሉ ተደርድሯል። «ብዙዎቹ በሩን አይተው ይመለሳሉ» አለችኝ። ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው ስላት «እኔ ስመጣ እንዲሁ ነው፤ አሥር ዓመት ሆኖታል ይላሉ» አለች።

አሥር ዓመት።

እናትሽ አንድ ቀን ጠዋት ጥሩ ቀሚሷን ለብሳ እዚያ ሄዳ ነበር። አላመማትም፤ ሴቶች እየታዩ ነው ሲባል ሰምታ ነው። የጀመርኩትን ሳንቃ ሳልጨርስ ተመለሰች። ምነው ቶሎ አልኳት። «በሩ አይዘጋም፣ ሰው ያያል። ሄደህ ብታበጅላቸውስ?» አለችኝ። ያኔ ከጤና ጣቢያው የንብረት ክፍል ኃላፊ ጋር ተኮራርፈን ነበር፤ የመስኮቱን ሥራ ለሌላ አናጢ ሰጥቶብኝ። «መጥተው ይለምኑኝ» አልኳት። ሁለተኛ አላነሳችውም።

ልብስ ሰፊው ቀና ብሎ አየኝ። ቀጥል አልኩት።

ከላይ ማህፀን በር እንዳለው የነገረኝ የለም ብዬሻለሁ። ይሰረዝ ወይ ብሎ እየጠየቀኝ ነው። አይሰረዝ። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ እናትሽ ከማረፏ በፊት፣ አልጋዋ አጠገብ አንድ ሐኪም የበሽታውን ሙሉ ስም ነግሮኛል። «ካንሰር» የምትለዋን የመጨረሻዋን ቃል ብቻ ሰማሁና የቀረውን አልጠየቅሁም። ለሰው ሁሉ ሆዷን ነው ያመማት አልኩ። ለአንቺም።

እንዳትደነግጪ፣ ይህንንም ነርሷን ጠይቄያታለሁ። ዋናው ምክንያት ቫይረሱ ነው እንጂ ከእናት ወደ ልጅ የሚወረስ በሽታ አይደለም ብላኛለች። የምትሄጂው የእሷ ልጅ ስለሆንሽ አይደለም።

በሩን በሁለት ቀን ጨረስኩት። መቃኑን ሙሉ በሙሉ ነቅዬ አዲስ አስገባሁ። ማንም አልለመነኝም።

ማክሰኞ በመጀመሪያው አውቶቡስ እመጣለሁ። ከፋብሪካው ፈቃድ ጠይቂ። ወረፋውን አብሬሽ እጠብቃለሁ። ውጤቱን ልትነግሪኝ ካልፈለግሽ ተይው፤ ስትገቢ ግን በዓይኔ አያለሁ። አታስቸግሪኝ፤ አርጅቻለሁ፣ መንገዱም ሩቅ ነው፤ ሳትገቢ ግን አልመለስም።

በምርቃት ልጨርስ። ፈጣሪ ዕድሜ ይስጥሽ፤ ልጅሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። ይህንኑ ምርቃት ለእናትሽ አርባ ዓመት ሙሉ፣ ጠዋት ከቤት በወጣች ቁጥር መርቄያታለሁ። እሷ የጠየቀችኝ ግን በሩን ነበር።

አባትሽ