የቀኝ ክንፉ ሙጫ

ውድ እናቴ፣

ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? ደረጃው አሁንም ያስቸግርሻል? ወንድሜስ ሲደወልለት ስልክ የሚያነሣ ሰው ሆነ ወይስ እንደ ድሮው ነው? እኔ ከሐሳብ በቀር ደህና ነኝ። ሐሳቡ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚለቅ አልሆነም። በስልክ ልንገርሽ ብል ማልቀሴ ስለማይቀር ጻፍኩት።

የምንሠራውን ታውቂያለሽ፤ ሞተር የሌለው አውሮፕላን፣ እንጨትና ኮምፔርሳቶ በሙጫ ተያይዞ፣ ከላዩ ጨርቅ ለብሶ በነፋስ የሚንሳፈፍ። እኔ ለጣፊዋ ነኝ፣ ባለቤቴ አናጢው። አለቃችን ሙጫውንና ማጠንከሪያውን በሚዛን እየለኩ ስለሚሰጡን «ጋሽ ግራም» እንላቸዋለን፤ ሻያቸውንም ሳይመዝኑ አይጠጡም እያልን እናማቸዋለን። እሳቸው የማይለቋት አንዲት ሕግ አለቻቸው፤ አውሮፕላኑ መጀመሪያ ሲበር ከአብራሪው ኋላ የሚቀመጠው ክንፉን የለጠፈው ሰው ነው። በገዛ ነፍሱ የሚቀልድ የለም ይላሉ። እኔም እስከዛሬ ስቀመጥ ፈርቼ አላውቅም፣ ሥራዬን አውቀዋለሁና።

ሰሞኑን ግን የሙጫው ሽታ አስጠላኝ። ክፍሉ በር ላይ ስደርስ አፌን ይዤ ወደ ውጭ እሮጣለሁ። ለጋሽ ግራም መናገር ስላልፈለግሁ የተመዘነውን እኔ እየተቀበልኩ የቀኙን ክንፍ ባለቤቴ ተደብቆ ለጠፈልኝ። ልማዳችን ደግሞ ከዚያው ሙጫ ሁለት ቁራጭ እንጨት ለጥፈን አሳድረን በማግስቱ መስበር ነው። እንጨቱ ከተሰበረ ሙጫው ይዟል ማለት ነው። የእሱን ስሞክረው እንጨቱ ምንም አልሆነ፤ ልክ ከተለጠፈበት ላይ ተላቀቀና እጄ ላይ ቀረ።

ስነግረው ፊቱ ተለዋወጠ። ቁራጮቹን መስኮት ሥር ብርድ መቷቸው ሙጫው ሳይደርቅ ቀርቶ ነው፣ ክንፉ ግን ማሞቂያው አጠገብ ነው ያደረው፣ አትጨነቂ አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ እሑድ ሲበር እኔ እቀመጣለሁ አለ። እማዬ፣ ካመነበት እኔን ከወንበሩ ለምን ያስነሣኛል? እሱን አስቀምጬ ከታች ቆሜ ሽቅብ ላየው ነው? ድሮ ቢሆን እልህ ይዞኝ እኔው እቀመጥ ነበር፤ አሁን አልችልም። ዝም እንዳልል የሰው ነፍስ አለበት፣ አብራሪው የልጆች አባት ነው። እንዳልናገር ደግሞ አንቺስ ለምን አልለጠፍሽም መባሌ አይቀርም። እኔ ደግሞ ሽታው ለምን እንዳስጠላኝ ሆድ ይፍጀው ብያለሁ። ቶሎ አውርቼ ምን እንደደረሰብኝ አንቺ ታውቂያለሽ፤ እንኳን ደስ ያለሽ ያሉኝ ሰዎች ናቸው መልሰው አይዞሽ ያሉኝ።

እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር አድሬ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ ትናንት ለጋሽ ግራም ነገርኳቸው። እንደፈራሁትም ለምን ራስሽ አልለጠፍሽውም አሉኝ። ሽታው አልስማማኝ አለ አልኩ። ትንሽ አዩኝ፣ ከዚያ ወዲያ አልጠየቁኝም፤ ሴት ልጆች ያሳደጉ ሰው ናቸው። ጨርቁን ቀደዱና ኮምፔርሳቶውን በመሮ ገፋ ገፋ አደረጉት። በማሞቂያው በኩል ያለው ንቅንቅ አላለም። ወደ ጫፉ ሲደርሱ ግን ያለምንም ትግል ተከፈተ። ባለቤቴ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ማንም አልተቆጣውም፣ እሱ ግን እስካሁን እህል አልቀመሰም።

ክንፉ እንደ አዲስ ይሠራል። እኔ ሙጫ ክፍል እንዳልገባ ተከልክዬ ጨርቅ እሰፋለሁ። ፍርሃቱ ግን አብሮ አልወጣልኝም። ሲያስለኝ እንኳን እደነግጣለሁ፤ ጠዋት ስነቃ ሳልንቀሳቀስ ተኝቼ ራሴን አዳምጣለሁ። ለወንድሜም ቢሆን እንዳትነግሪው፣ አደራ።

ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፣ ጉልበትሽን ያበርታልኝ፤ ጸሎትሽ አይለየኝ።

ያችን ሁለቴ ልከሽልኝ ሁለቴ የመለስኩልሽን ትንሽ ብርድ ልብስ አሁን አትላኪያት። አጥበሽ ፀሐይ ላይ አስጪልኝ ብቻ።

ልጅሽ