ካሜራ ፊት ያጎረስኩት

ኦክላንድ፣ ኅዳር 1979

ለምወድሽ እታለም ሸዋረጋ፣

ከእማዬ ጋር እንደምን ሰንብታችኋል? እኔ፣ ምስጋና ለፈጣሪ፣ ደህና ነኝ። ደህና ብቻ? የፊልም ተዋናይ ሆንኩልሽ እኮ!

አብሮኝ የሚኖረውን ሬይን ታውቂዋለሽ፤ ባለፈው ፎቶውን የላኩልሽ ረጅሙ። የሳን ሆዜ ጓደኞቹ በእኔ አሮጌ መኪና ፊልም እየሠሩ ነበር። ታሪኩ ከየቤታቸው ተባረው በመኪና አገር ለአገር ስለሚዞሩ ሁለት የሚዋደዱ ወንዶች ነው። ለእማዬ ግን "ጓደኛሞች ናቸው" በያት። አንደኛው ሬይ ነው፤ ሌላኛው ተዋናይ ሲቀር ዳይሬክተሯ እኔን "ና፣ መሪውን ያዝ" አለችኝ!

ቴሌግራፍ መንገድ ላይ ሐበሻ ምግብ ቤት ገብተን ስንቀረጽ፣ ካሜራው መኖሩን ረስቼ ሬይን አጎረስኩት። ዳይሬክተሯ አለቀሰች! "እንዲህ ያለ የፍቅር ትዕይንት ጽፌ አላውቅም" አለች። የምግብ ቤቱ ባለቤት ወይዘሮ የወርቅውሃ ደግሞ ከጓዳ ብቅ ብለው፣ "ጉርሻ ምን ያስለቅሳል? ይልቅ አንተ፣ ምነው አሳነስከው? ሰስተህ ነው?" ብለው ተቆጡኝ። በሳቅ ሞትን። ሬይ ሰሞኑን ትልቁን መዋጥ ስለሚያቅተው ነው እንጂ። ሱሪውም እየሰፋበት ስለሄደ በእኔ ቀበቶ ነው የሚያስረው።

ለሰኔ የታሰበውን የመጨረሻ ትዕይንት ዳይሬክተሯ ሬይን አየት አድርጋ "አሁኑኑ እንቅረጸው" ስላለች ነገ ወደ ባሕሩ እንነዳለን። ሬይ ከአሁኑ እየዘፈነ ነው!

የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ። ወደዚህ የሚመጣ ሰው ካገኘሽ የእንጦጦ ማርያምን ጠበል በጠርሙስ ላኪልኝ። የሚጠመቀውን ሰው የክርስትና ስም ከጠየቁሽ የእኔን ንገሪያቸው።

እኔ ግን ደህና ነኝ።

ወንድምሽ ሀብተወልድ